አራት ብሎን ያስቸገረን ኮፈን

«ለመኪና ደግሞ ከፈን አለው እንዴ?»

ይህን ያሉኝ ደባርቅ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው። የምናወራው በስልክ ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ስላለፈ ጆሯቸው እንደ ድሮው አይደለም። «የአባቴ ቮልስ ኮፈን አሁንም እርስዎ ጋ አለ ወይ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኮፈን» ያልኩት «ከፈን» ሆኖ ተሰማቸውና ደነገጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ «ያ ሰማያዊ፣ ጎበጥ ያለው ብረት» ብዬ ካስረዳኋቸው በኋላ ግን ሳቃቸው መጣ።

«የዶሮ ቤቴን ጣሪያ ነው እንዴ የምትለኝ?»

አዎ፣ እሱኑ ነው። የአባታችን ቮልስዋገን ኮፈን ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ደባርቅ ላይ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። መኪናዋ ደግሞ ጎንደር ከተማ፣ ወላጆቻችን ግቢ ውስጥ፣ ግንባሯን ሸራ ለብሳ ቆማለች። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን መልሶ ስለማገናኘት ነው። በአራት ብሎን የሚታሰር ብረት በጋዜጣ ላይ ይህን ያህል ቦታ ይገባዋል ወይ የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚበቃው ሥራ መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ስድስት ሳምንት ፈጀ።

በመጀመሪያ ኮፈኑ ለምን ደባርቅ እንደቀረ ልናገር፤ የጽሑፉ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

አባቴ መኪናዋን የገዙት በ1962 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር ነው። እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ናት። በ1978 ዓ.ም. የክረምቱ ማብቂያ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ጋር ተጋጭታ ግንባሯ ተጨፈለቀና ጋራዥ ገባች። ተሠርታ፣ ቀለም ተቀብታ፣ አብረቅርቃ ወጣች። በሳምንቱ አባቴና እኔ አክስቴን ለመጠየቅ ወደ ደባርቅ ተነሣን። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ወደ ዳባት በሚወስደው ከፍታ ላይ ነፋሱ ከፊት ለፊት ይመጣል። ድንገት እንደ ጥይት የሚጮህ ድምፅ ሰማንና ከፊታችን የነበረው ሰማይም መንገድም ጠፋ። ኮፈኑ ተፈንቅሎ ከመስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

አባቴ ፍሬን አልረገጡም። ነዳጁን ለቀቁ፣ አንገታቸውን በጎን መስኮት አውጥተው መሪውን ቀጥ አድርገው ያዙ፣ ቀስ በቀስ ዳር ያዙ። ስንቆም ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችና አህዮቻቸው ከእኛ ጥቂት ክንድ ራቅ ብለው ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለዋል። የአባቴን ፊት እንደዚያ ነጭ ሆኖ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ኮፈኑን በጠፍር አስረን ደባርቅ ደረስን። አባቴ አክስቴ ግቢ ውስጥ በ13 ቁልፍ አራቱን ብሎኖች ፈቱና «ሁለተኛ ይህን ብረት እንዳላየው» አሉ። አንድ መቶ ኪሎ ሜትሩን ወደ ጎንደር የተመለስነው ጎማና የነዳጅ ታንክ ከፊታችን ተገልጦ እየታየን ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ኮፈን አልገዙም። እኛ ልጆቻቸው ለብዙ ዓመት ግትርነት ነው ብለን አስበን ነበር።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት። ኮፈን የጣሊያንኛው «ኮፋኖ» ነው፤ ሣጥን ማለት ነው። ጎንደር ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በጣሊያን እጅ ነበረች፤ የሊማሊሞን ቁልቁለት ቆፍሮ መኪና ያስወረደውም ያ ዘመን ነው። «ትሬንታ ኳትሮ» የተባለው የፊያት ጭነት መኪናም ከዚያው ጊዜ የቀረ ስም ነው። ጣሊያን ሄደ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀረ። እስካሁን ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ የሚገኝ ማንኛውም ባትላሜራ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት ይላል። በየዓመቱ ተመርምረን የምንለጥፋት «ቦሎ» እንኳ የዚያው ቤተሰብ ናት። እኛ የሕግ ሰዎች ለአንድ ሐሳብ አማርኛ ስንፈልግ ኮሚቴ እናቋቁማለን፤ ባለ ጋራዦቹ ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሙሉ መዝገበ ቃላት ወርሰው ዝም ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በቮልስ ላይ ደግሞ ኮፈን በእርግጥም ሣጥን ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የፊተኛው ክዳን የሚሸፍነው ሻንጣ፣ ተጠባባቂ ጎማና የነዳጅ ታንክ ነው። በአባቴ መኪና ዕድሜ ባሉት ቮልሶች ላይ የነዳጅ መሙያው አፍ ራሱ ኮፈኑ ሥር ነው፤ ማደያ በገባችሁ ቁጥር ትከፍቱታላችሁ፣ ትዘጉታላችሁ። እንግዲህ ይህ ክዳን በዓመት አንዴ የሚነካ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚነሣና የሚወድቅ ነገር ነው። ማጠፊያዎቹ ያሉት ደግሞ ከመስታወቱ ሥር ነው። ይህም ማለት የሚከፈተው በአፍንጫው በኩል፣ ነፋሱ በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። መቆለፊያው በደንብ ካልያዘው ነፋስ በከንፈሩ ሥር ይገባና እንደ ሸራ ያነሣዋል። ማጠፊያቸው ከፊት የሆነ ኮፈኖች በተቃራኒው ነፋሱ ራሱ ይጫናቸዋል። አባቴን የገጠማቸው ነገር ዕድል ሳይሆን የአሠራር ውጤት ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ባለፈው ዓመት ነው።

ቮልስን የመረጥኩት ቤታችን ስላለች ብቻ አይደለም። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ «አሮጌ መኪና አለኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ቮልስ፣ ስለ ፊያት ወይም ስለ ላንድሮቨር ነው። ቮልስ ደግሞ በታሪካችን ውስጥም ገብታለች፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ያመረተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሲሆን በድምሩ 21,529,464 መኪኖች ተሠርተዋል። ለአሮጌ መኪና ዕቃ መገኘት ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም።

እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ብዛቷ ነው። «ቮልስ ቮልስ ነው» ብዬ አክስቴ ጋ ከመደወሌ በፊት አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄድኩና ጥሩ የሚመስል ኮፈን አገኘሁ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ጎንደር ደረሰ። ስናስቀምጠው ከኋላና ከጎን ልክ ነው፣ ከፊት ግን አጠረ፤ በኮፈኑ ከንፈርና በግንባሯ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ለካስ ፋብሪካው ከ1968 ሞዴል ጀምሮ (እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 የወጡት ማለት ነው) ፓራውልቱን ከፍና ቀጥ ሲያደርገው ኮፈኑን አሳጥሮታል። ከ1970 በኋላ የመጡት «ሱፐር» የሚባሉት ደግሞ አፍንጫቸው ራሱ ሌላ ስለሆነ ኮፈናቸው ለሁለቱም አይሆንም።

ኮፈን የምትገዙ ሰዎች ስለዚህ የመኪናችሁን ዕድሜ በዓይን ለዩ። የፊት መብራቱ ወደ ኋላ ተኝቶ በመስታወት የተሸፈነ ከሆነና ነዳጅ የምትሞሉት ኮፈን ከፍታችሁ ከሆነ የፊተኛው፣ የረጅሙ ኮፈን ባለቤት ናችሁ። መብራቱ ቀጥ ብሎ ከቆመና የነዳጁ አፍ ከውጭ በቀኝ ጎን ትንሽ በር ካለው አጭሩን ፈልጉ። ሌላው ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። በላሜራው ላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት፤ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን የስቱኮ ቁልል ነው። እኔ የገዛሁት በሁለት ቦታ ማግኔቱን ለቀቀው። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ያረጀ ብረት ሁሉ «ብርቅ» ተብሎ የሚሸጥበት ዘመን ላይ ነን፤ ማግኔቷ ከመቼውም ይልቅ ታስፈልጋለች።

ወደ አክስቴ የደወልኩት ከዚህ ውርደት በኋላ ነው። መንገዱ ደህና የሆነበትን ሳምንት ጠብቀን ኮፈኑ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ከደባርቅ ወረደ።

መኪናዋን የሚሠሩልን ባትላሜራ ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ እጃቸው ከመዶሻ ጋር ያረጀ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደስ ሲላቸው «ልጄ»፣ ሲናደዱ «ጠበቃው» ይሉኛል። ኮፈኑን አገላብጠው አዩት። ላዩ የደባርቅ በረዶ የቀጠቀጠው ቢሆንም ቀለሙ በአብዛኛው ይዟል። የተጎዳው ውስጡ ነው። የዶሮ ኩስ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ብረት ይበላል። ከሁሉም የባሰው ጠርዙ ዙሪያውን ነው፤ ምክንያቱም የቮልስ ኮፈን የላይኛው ላሜራ የውስጡን አጥንት ጠርዝ ላይ ታጥፎ ስለሚይዘው በእጥፋቱ ውስጥ የገባ ውኃ አይወጣም። ኮፈን ሲበሰብስ ከዚያ ነው የሚጀምረው፤ በተለይ ከፊት ከከንፈሩ። ከላይ ትንሽ የቀለም እብጠት ካያችሁ ሥሩ አልቋል ማለት ነው።

እኔ ኮፈኑ ዛሬውኑ እንዲቀመጥ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ሲባጎ አወጡ።

«ኮፈኑን ተወው፤ መጀመሪያ አፍንጫዋን እንይ» አሉ። ሲባጎውን ከግራው ማጠፊያ ወደ ቀኙ የፊት ጥግ ወጥረው ለኩ፤ ከዚያ ከቀኙ ማጠፊያ ወደ ግራው ጥግ። ሁለቱ እኩል መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም፤ በሁለት ጣት ተለያዩ። ግንባሯ ከ1978ቱ ግጭት ጀምሮ ወደ አንድ ጎን እንደተገፋች ነው የኖረችው። ኮፈኑን ደግሞ መሬት ላይ ገልብጠው በዚያው ሲባጎ ሲለኩት እሱም ጠማማ ነው፤ ያውም በተመሳሳይ አቅጣጫ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ያ ጋራዥ ጠማማውን አፍንጫ አላቀናም። ኮፈኑን ነው አጣምሞ በጠማማው ላይ ያስተኛው። ከውጭ ሲታይ ክፍተቱ እኩል ነበር፣ ቀለሙ ያብረቀርቅ ነበር። ከውስጥ ግን መቆለፊያው ወደ ጎን እየተጎተተ በጫፉ ብቻ ነበር የያዘው። ኮረኮንቹ ነቀነቀው፣ ነፋሱ ጨረሰው። የአባቴ ግትርነት ያልነው ነገር፣ ብረቱ እንደማይታመን በእጃቸው ያወቁት ነገር ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝ፦ መጀመሪያ አካሉ ይቀናል፣ ከዚያ ኮፈኑ፣ ከዚያ ማጠፊያው፣ መቆለፊያው መጨረሻ። አብዛኛው ሰው፣ ብዙ ጋራዥም ጭምር፣ ከመጨረሻው ይጀምራል። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል መቆለፊያውን ያላላል ወይም ይቀጠቅጣል።

አፍንጫዋን ለማቅናት መጀመሪያ ተጠባባቂ ጎማውና የነዳጅ ታንኩ ወጡ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ብየዳ ወይም መፍጫ በሚሠራበት ግቢ የቮልስ ታንክ ከቦታው ወጥቶ ርቆ መቀመጥ አለበት። «ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል» የሚባለው ነገር ትልቅ ስህተት ነው፤ ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረው የነዳጅ ትነት ከሙሉ ታንክ ይልቅ ለመፈንዳት ይቀርባል። ከዚያ ግንባሯ በሰንሰለት ከግቢያችን ወይራ ጋር ታስራ፣ በክሪክ እየተገፋች፣ በየቀኑ ትንሽ በትንሹ ተመለሰች። በአንድ ጊዜ ቢጎተት ላሜራው ሌላ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ሲባጎው በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን አራት ቀን ፈጀ።

የኮፈኑ ጠርዝ ተከፈተ፣ የበሰበሰው ተቆረጠ፣ በምትኩ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ብየዳው በአንድ መስመር አይሄድም። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ሌላው ራቅ ብሎ እዚያ፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ደግሞ መመለስ ነው። ስስ ላሜራ በአንድ ጊዜ ከጋለ እንደ ቆሎ መጥበሻ ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። የበረዶው ጉድጓዶች ከውስጥ በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተባሉ ወጡ። ስቱኮ የገባው ለመጨረሻው ልስላሴ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ ሰዎች ይህን ምክር ለራሳችሁ አታውሉት፤ የላንድሮቨር ገላ በአብዛኛው የአልሙኒየም ቅይጥ ስለሆነ መዶሻ ሲበዛበት ይለጠጣል፣ ብየዳውም ሌላ ዓለም ነው። ኮፈኑ ላይ ተጠባባቂ ጎማ ከተጫነ ደግሞ ለሁለት ሰው እንኳ የሚከብድ ነውና ጣታችሁን ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ገጠማው። ኮፈን የሚገጠመው ከቀለም በፊት አንድ ጊዜ፣ ከቀለም በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ነው። ቀለም የተቀባ ኮፈን እየሞከሩ ማስተካከል ማለት ቀለሙን መፋቅ ማለት ነው። የመጀመሪያው ገጠማ ያለ ጠርዝ ጎማ ይሁን፤ ጎማው ክፍተቱን ደብቆ ያታልላችኋል።

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ከመስታወቱ ሥር ያለው ላሜራ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፋል፤ ኮፈኑ የሚንሸራተተው ወደዚያ ስለሆነ መስታወትም ይሰብራል። በእያንዳንዱ ማጠፊያ ላይ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ብሎን ከነሮንዴላው ይገባል። ቁልፍ አትጠቀሙ፤ በጣት ብቻ። የማጠፊያው ቀዳዳዎች ሞላላ የሆኑት ኮፈኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ትንሽም ወደ ጎን እንዲሄድ ነው። የራሳችሁን ኮፈን ፈትታችሁ የምትመልሱ ከሆነ ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት በማጠፊያው ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ያተርፋል።

ከዚያ ኮፈኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ግን አይቆለፍም። ባትላሜራው ከካርቶን አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ቁራጮች ቆርጠው በዙሪያው ሰኩ፤ የጠበቀበትና የላላበት ቦታ ወዲያውኑ ታየ። ከኋላ ጥጉ ከፍ ካለ ከማጠፊያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሮንዴላ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። አንድ ሮንዴላ ከኋላ ትንሽ ነገር ናት፤ ከፊት ከንፈሩ ላይ ስትደርስ ግን ውጤቷ ትልቅ ነው። እኛ ዘጠኝ ጊዜ አንሥተን አወረድነው። አሥረኛው ላይ ሰውየው ምንም ሳይናገሩ የ13 ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

የመቆለፊያው ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ታችኛው ክፍል ግንባሯ ላይ ነው ያለው፤ ከመሪው ሥር በግራ በኩል ባለው እጀታ በካቦ ይከፈታል። ላይኛው ኮፈኑ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚወርድ ጣት የመሰለ ብሎን አለው፤ ከጎኑ ደግሞ ካቦው ቢለቅ እንኳ ኮፈኑን የሚይዝ መንጠቆ አለ። መንጠቆው የሚለቀቀው ከውጭ በእጅ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሕግ፦ ካቦው ተገጥሞ፣ ተጎትቶ፣ መቆለፊያው መልቀቁ በካቻቢቴ ተሞክሮ ሳይረጋገጥ ኮፈኑን እስከ መጨረሻው አትዝጉ። ከዘጋችሁትና ካቦው ካልሠራ የመቆለፊያው ብሎኖች ያሉት ከውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ምርጫ መጥፎና የባሰ ነው።

የጣቷ ብሎን ርዝመት በዳዶና በካቻቢቴ ይስተካከላል። ከረዘመች ኮፈኑ ይዘጋል ግን ይንኳኳል። ካጠረች ለመዝጋት መጫን ይጠይቃል፤ በጉልበት ሲዘጋ ደግሞ የያዘ ይመስላል እንጂ በጫፉ ነው የተንጠለጠለው። የአባቴ መኪና ብሎን እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ አጥሮ ነበር። መንጠቆው ደግሞ በመዶሻ ተመትቶ ተጣሟል፤ ምናልባት ለመዝጋት ሲያስቸግር። ሁለቱንም በእጄ ይዤ አየኋቸው። የታችኛውን መቆለፊያ ወደ ግራና ቀኝ የሚያንቀሳቅሱት ቀዳዳዎችም ሞላላ ናቸው፤ ጣቷ በቀዳዳው መሐል ቀጥ ብላ እስክትገባ ይስተካከላሉ። የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ካቦውን ጎትታችሁ ልቀቁት፣ ኮፈኑ ትንሽ ተነሥቶ መንጠቆው ላይ ይቁም። ከዚያ ከንፈሩን ይዛችሁ ወደ ላይ በኃይል ሳቡት። መንጠቆው ካልያዘ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም።

ከቀለም በኋላ የጠርዙ ጎማ ይለጠፋል። የበር ጎማ ቆርጠው የሚለጥፉ አሉ፤ ወፍራም ስለሆነ ኮፈኑን ያነሣውና የለፋችሁበትን ሁሉ ያበላሻል። ለቮልስ የተሠራውን ፈልጉ። የማጠፊያዎቹ ማለፊያ ላይ የሚገቡትን ትንንሽ ጎማዎችም አትርሱ፤ እነሱ ከሌሉ የጎንደር ክረምት ዝናብ በቀጥታ ውስጥ ይገባል።

አሁን ስለ ሙያዬ አንድ ነገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ነው፤ ነፃ የሚያወጣው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። እንግዲህ ያን ቀን ኮፈኑ ተገንጥሎ በሮ ያቺን ልጅ ያዘለች እናት ቢመታ ኖሮ «ጋራዡ ነው ያበላሸው» የሚለው ነገር አባቴን ከተጎጂዋ ፊት አያድናቸውም ነበር። ከከፈሉ በኋላ ጋራዡን በሥራ ውሉ መክሰስ ይችላሉ፤ ያ ግን ሌላ መዝገብ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ማስረጃ ነው። ስቱኮና ቀለም የሸፈነውን ጥፋት በፍርድ ቤት ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጋራዥ ስትሰጡ የተፈቱትን ብሎኖችና የሲባጎውን ልክ ከቀለም በፊት ቆማችሁ እዩ፤ ፎቶ አንሡ። ሠሪው ቢቀየማችሁም ችግር የለም፤ የእኔዎቹ ሁለት ቀን ተቀይመውኝ ነበር።

ወንድሞቼ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጡ። ውርስ ስንካፈል መኪናዋ ለእኔ ደርሳለች፤ ኮፈኑ ግን ለአርባ ዓመት አክስታችን ቤት ነበረና የማን ነው? ታናሽ ወንድሜ እየሳቀ ነው የጠየቀው፣ ግን ጥያቄው ሞኝ አይደለም። ሕጉ በልማድ የአንድ ነገር አካል ተደርጎ የሚታየውን ነገር የዚያው ነገር ክፍል ያደርገዋል፤ ኮፈን የሌላት መኪና ሙሉ ናት የሚል ልማድ ደግሞ የለንም። በዚህ ተስማማን። አክስቴ ግን ሕግ አልጠቀሱም። «ውሰደው፣ ዶሮዎቼ ግን ሜዳ ላይ ማደር የለባቸውም» ነው ያሉት።

መኪናዋን የሞከርናት በአንድ እሑድ ማለዳ ነው። ከፋሲል ግንብ ሥር ተነሥተን ወደ አዘዞ ወረድን፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽማግሌው ባትላሜራ ከጎኔ ተቀምጠዋል፤ መንገዱን አላዩም፣ የኮፈኑን ጠርዝ ብቻ ነው የሚያዩት። አዘዞ ላይ አቁመን ወረዱና አራቱን ብሎኖች እንደገና በቁልፍ ሞከሯቸው። አንዱ ሩብ ዙር ዞረ። «አዲስ ቀለም ሲረጋ እንዲህ ያላላዋል፤ በሳምንቱ ደግመህ ሞክራቸው» አሉኝ። በሳምንቱ ሞከርኳቸው፤ አልተንቀሳቀሱም።

ለአክስቴ ስድስት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ ሚስማር በሚኒባስ ላክሁላቸው። ደውለው፣ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ስለሚጮህ ዶሮዎቹ መደንገጣቸውን፣ እንቁላልም መቀነሱን ነገሩኝ። የሶማሌ ተራውን አጭር ኮፈን ልላክልዎ ወይ ብላቸው አሰቡና «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?» አሉኝ።